በወባ እልል ያልንበት ኅዳር

ባለፈው ሳምንት ልጄን ደም ላስመረምር ሶዶ ውስጥ አንድ ላብራቶሪ በር ላይ ተቀምጬ ነበር። በሩ በተከፈተ ቁጥር አንድ ሽታ ብቅ ይላል፤ አልኮል አልኮል ይላል፣ ከሥሩ ደግሞ የቀለም ሽታ አለው። ልጄ አፍንጫዋን በሁለት ጣቷ ይዛ «እማዬ፣ ይሸታል» አለችኝ። እኔ ግን አንገቴን አስግጌ ደጋግሜ ሳብኩት። በዚያ ሽታ ውስጥ የልጅነቴ አንድ ወቅት አለ፤ ከወላይታ ዘመን መለወጫ ከጊፋታ ማግስት እስከ ኅዳር መጨረሻ ያለው ጊዜ። አክስቴ ወርቅነሽን ልናጣት የነበረበት ወቅት ነው።

ያኔ አራተኛ ክፍል ነበርኩ። ወርቅነሽ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። ቢጠና በምትባል ትንሽ ከተማ ሒሳብ ታስተምር ነበር። «ሴት ልጅ ብቻዋን አትደር» ተባለና እኔ ከሶዶ ተነስቼ ከእሷ ጋር እንድኖር፣ እዚያው እንድማር ተወሰነ። ማን ማንን እንደሚጠብቅ የጠየቀ አልነበረም። አክስቴ ቁመተ ረጅም፣ ድምፀ ትልቅ ሴት ነበረች። በሁለት እጇ ሁለት ጀሪካን ውሃ አንጠልጥላ ስትመጣ እኔ ከኋላዋ ክዳኑን ይዤ እሮጣለሁ። ክፍል ውስጥ የማባዣ ሰንጠረዥ ስታስወርደን ገበያ ያሉት ሴቶች አብረው ይሉ ነበር ይባላል። ቤት «አክስቴ» እላታለሁ፤ ትምህርት ቤት ግን እንደማንኛውም ልጅ «ቲቸር» ማለት አለብኝ። አንድ ቀን ተሳስቼ ክፍል ውስጥ «አክስቴ» ብላት፣ ጠመኔዋን ሳታወርድ «አክስትሽ ቤት ናት፤ ምን ልንገርልሽ?» አለችኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ቢጠና ከሶዶ ይሞቃል። ማታ ማታ ከበቆሎው ውስጥ የቢንቢ ድምፅ ይመጣል። የምንተኛው አንድ አልጋ ላይ፣ በአንድ አጎበር ውስጥ ነው። እኔ ደግሞ በእንቅልፌ እራገጣለሁ። ጠዋት ስንነሳ አጎበሩ ከአልጋው ሥር ወጥቶ፣ የአክስቴ ክንድ ተነክሶ እናገኘዋለን። «አንቺን ከመጠበቅ ድልድይ መጠበቅ ይቀላል» ትለኛለች እያከከች።

መጀመሪያ የታመምኩት እኔ ነኝ። በመስከረም መጨረሻ ላይ ቀትር ፀሐይ ላይ ብርድ ያዘኝ። አክስቴ በጀርባዋ አዝላ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ጣቴን ወጉኝ፤ ወባ ነው ተባለ። ቢጫ ክኒን ሰጡኝ፤ ጠዋት ሦስት፣ ማታ ሦስት፣ ለሦስት ቀን። በሦስተኛው ቀን ድኛለሁ። ክኒኑ ይመራል፤ ውጭ ደግሞ ልጆች ገመድ እየዘለሉ ነው። ስለዚህ የመጨረሻውን ቀን ስድስቱን ክኒን አልዋጥኩም። አክስቴ ዞር ስትል በጉንጬ ይዤ፣ ወጥቼ፣ በወረቀት ጠቀለልኳቸውና ከሣጥኑ ኋላ ደበቅኳቸው። «ጨረስሽ?» አለችኝ። «ጨረስኩ።» ራሴን ዳበሰችኝ።

ጥቂት ቀናት ቆይቶ ዓርብ ከሰዓት አክስቴ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ነበር። ያለውን ብርድ ልብስ ሁሉ አለበስኳት፤ አልጋው ግን መንቀጥቀጡን አልተወም። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ከሣጥኑ ኋላ ጥቅሉን አወጣሁና «ትርፍ ሰጥተውኝ ነው» አልኳት። ክፍል ውስጥ ሃምሳ ስምንት ልጆችን በዓይኗ ቆጥራ የቀረውን በስሙ የምትጠራው ሴት፣ የዚያን ቀን ክኒን አልቆጠረችም። አራቱን ዓርብ፣ ሁለቱን ቅዳሜ ዋጠቻቸው። ሰኞ ተነስታ አስተማረች። እኔ ደግሞ ሐኪም የሆንኩ መሰለኝ። ለጓደኞቼ «አክስቴን ያዳንኳት እኔ ነኝ» ብዬ እስከ መናገር ደርሼ ነበር።

ሦስት ሳምንት ያህል አለፈ። አክስቴ ቀስ በቀስ ተለወጠች። ውሃውን በሁለት ጉዞ ማምጣት ጀመረች። መፋቂያዋ ደም ይነካዋል። የዓይኗ ውስጥና የእጇ መዳፍ ነጣ። አንድ ጠዋት እግሯን ስትታጠብ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ በመርፌ ጫፍ የተነቀሰ የሚመስል ቀይ ነጠብጣብ አየሁ፤ ብዙ ነው፣ አይቆጠርም። በዚያው ሳምንት ክፍል ውስጥ ክፍልፋይ እያስተማረች ጠመኔው ከእጇ ወደቀ፤ እሷም ተከትላው ወደቀች።

አባቴ ከሶዶ መጥቶ ወሰደን። መኪናው ውስጥ ራሷን ጭኔ ላይ አድርጋ ነበር። ለወትሮው ከረዳቱ ጋር የምትከራከረዋ አክስቴ እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ሶዶ ቤታችን አጠገብ ባለ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ደም ተወሰደ። «ወባ ነበረባት? መድኃኒት ወስዳለች?» ብለው ሲጠይቁ አባቴ «ምንም አልወሰደችም» አለ። እሱ ምን ያውቃል። አክስቴ ዓይኗን ጨፍናለች። እኔ ከግድግዳው ጋር ተጣብቄ ቆሜያለሁ። ወባ የለም ተባለ። የደም ቆጠራው ወረቀት ግን ሲመጣ የክሊኒኩ ሰው ፊት ጠቆረ። ቀዩም፣ ነጩም፣ ፕሌትሌቱም ወርዷል። «የደም ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ አዲስ አበባ ይታይ» አለ። እሱ ያለው «ሊሆን ይችላል» ነው። ቤት እስክንደርስ ግን «ነው» ሆኗል።

እኔ ከዚያ ሁሉ የገባኝ ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ሁለቱም ስህተት። አባቴ ወረቀቱን እያነበበ «ፕሌትሌት ሃያ ሁለት ሺ ብቻ» ሲል፣ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ፕሌት ሳህን መሆኑን ተምሬያለሁና በሰው ደም ውስጥ ትንንሽ ሳህኖች እንዳሉ ገባኝ። ግን ሃያ ሁለት ሺ ሳህን እንዴት ያንሳል? እኛ ቤት ያለው አሥራ አንድ ነው። ሁለተኛው ደግሞ እናቴ ለጎረቤት ስትናገር የሰማሁት ነው፤ «ደሟ ወርዷል» አለች። ወረደ! ያ በእግሯ ላይ ያየሁት ቀይ ነጠብጣብ ለካ የወረደው ደም ነው! ወዲያው ገብቼ በቤቱ ያለውን ትራስ ሁሉ ሰብስቤ ከአክስቴ እግር ሥር ቆለልኩት፤ ደሙ ወደ ላይ እንዲመለስ። እግሯ ከራሷ በላይ ሆኖ ተኛች።

«ምን እያደረግሽ ነው፣ ድንቄ?»

«ደምሽን እየመለስኩ።»

የትራሱን ክምር አየችው። ከዚያ «ጎበዝ» አለችኝና ትራሶቹን ሳታነሳ ተወቻቸው።

ቤታችን በሰው ተሞላ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች እየመጡ ይጸልያሉ። ሰኞ አዲስ አበባ ልትሄድ ተወሰነ። አክስቴ ግን አባቴን ጠርታ በቀስታ «ለዳይሬክተሩ ሌላ መምህር ይመድብ በልልኝ፤ ልጆቹ ከክፍልፋይ ላይ እንዳይቀሩ» አለችው። አባቴ «እሺ» ብሎ ወጣ። ተከትዬው ወጣሁ። ከእንሰቱ ኋላ ቆሞ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ነበር። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እኔም ዘጠኝ ዓመቴ ቢሆንም አንድ ነገር አውቄ ነበር፦ አክስቴ የታመመችው እኔ ባወጣሁት ክኒን ነው። ሳህኖቿን የሰበረው እሱ ነው ብዬ አምኜ ነበር። ይህን ለማን ይናገሩታል?

በግቢያችን ውስጥ እትዬ ከድጃ የሚባሉ ተከራይ ነበሩ። ከወሎ ተመድበው የመጡ፣ በመንግሥት ሆስፒታል ላብራቶሪ የሚሠሩ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። ሂጃባቸው ሁልጊዜ ነጭ ነው፤ ጣታቸው ሁልጊዜ ወይን ጠጅ ቀለም የነካው ነው። እናቴ በአማርኛ ወንድና ሴት ብዙም አትለይም፤ «ከድጃ፣ ሳትበላ አትሂድ!» ስትላቸው እሳቸው «እሺ ጌታዬ፣ እበላለሁ» እያሉ ይስቁላት ነበር። አክስቴ ስትመጣ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ወባ ታይቶላታል?» የሚል ነበር። አባቴ «ታይቷል፣ የለም። መድኃኒትም አልወሰደችም» አላቸው። እሳቸውም ነገሩን በዚያው ተዉት።

ሐሙስ ጠዋት ወደ ሥራ ከመውጣታቸው በፊት ቧንቧው ጋ ጫማቸውን ሲያጥቡ አገኘኋቸው። አጠገባቸው ቆምኩ።

«ምነው የኔ ልጅ?»

«እትዬ፣ ክኒን ሳህን ይሰብራል?»

«ምን አልሽ?»

ከዚያ በኋላ አለቀስኩ፤ እያለቀስኩ ሁሉንም ተናገርኩ። ጉንጬን፣ ወረቀቱን፣ ሣጥኑን፣ «ትርፍ ሰጥተውኝ ነው» ያልኩትን። እትዬ ከድጃ ጫማቸውን አስቀመጡ። ይመቱኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሳቸው ግን ሁለቱን ትከሻዬን በእርጥብ እጃቸው ያዙ።

«ስንት ክኒን ነው የዋጠችው? አስታውሺ።»

«አራት። ደግሞ ሁለት።»

«ስድስት! ሃያ አራት መዋጥ ላለበት ትልቅ ሰው!» አሉ። «ልጄ፣ ይህን ለምን ቀድመሽ… ተይው። አብሽሪ። አሁን ነገርሽኝ፤ ይበቃል።» ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አባቴን ጠሩ፤ «ጌታው! ባጃጅ ጥሩ! ይህቺን ሴት አሁኑኑ ይዘናት እንሄዳለን!»

አክስቴን ደግፈው ሲያወጧት እትዬ ከድጃ ጠየቋት፤ «ክኒኑን ለምን አልተናገርሽም?» አክስቴ አንገቷን ደፋች። «የትምህርት ቤቱን የጤና ክበብ የምመራው እኔ ነኝ» አለች። «የሰው ትራፊ መድኃኒት አትዋጡ እያልኩ የማስተምረው እኔ ነኝ። አፈርኩ።»

ሆስፒታል ደርሰን ከጣቷ ደም ተወሰደ፤ በመስታወት ላይ አንዱ ጠብታ ወፈር፣ አንዱ ሳሳ ተደርጎ ተቀባ። እኛ ከላብራቶሪው በር አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ያን ሽታ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። በተከፈተው በር እትዬ ከድጃ ይታዩኛል፤ ጀርባቸው ጎንበስ ብሎ፣ ዓይናቸው ማይክሮስኮፑ ላይ። ግማሽ ሰዓት። አንድ ሰዓት። ሌሎቹ ሠራተኞች ለምሳ ወጡ፤ አንዱ «እስካሁን ካልተገኘ የለም ማለት ነው፣ እትዬ» አላቸው። «ሂድ ብላ» አሉት፣ ቀና ሳይሉ። እናቴ ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ ትጸልያለች። አክስቴ በአባቴ ትከሻ ላይ ተደግፋ ተኝታለች። እኔ የእትዬ ከድጃን ቀኝ እጅ ብቻ ነበር የማየው፤ አንዲት ትንሽ መዘውር በቀስታ፣ በቀስታ ያዞራል።

ድንገት እጁ ቆመ።

ትንሽ ወደ ኋላ አዞሩት። እንደገና ቆመ። ከዚያ እትዬ ከድጃ፣ ያ ሁሉ እርጋታ የነበራቸው ሴት፣ ወንበራቸውን ገፍትረው ተነሱና በሩ ላይ መጡ።

«አገኘሁት» አሉ። «የገባበት ገብቼ አገኘሁት! ወባ ነው!»

እናቴ ከአግዳሚው ብድግ አለች። ከዚያ በሆስፒታሉ ኮሪደር ውስጥ እልልታዋን ለቀቀችው። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ። ጥበቃው ሮጦ መጣ፤ «ምንድን ነው፣ ማን ወለደ?»

«ወባ ነው! ወባ ብቻ ነው!» አለችው እናቴ፣ በሁለት እጇ ክንዱን ይዛ እያወዛወዘች።

ሰውየው አንዴ እሷን፣ አንዴ እኛን አየና «እንኳን ደስ አላችሁ» ብሎ ሄደ።

ወጣት ሐኪም ተጠርቶ መጣ፣ በማይክሮስኮፑ አየ፣ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ከዚያ እኛ ጋ ቁጢጥ ብሎ ነገረን። ወባ ራሱ ቀዩንም፣ ነጩንም፣ ፕሌትሌቱንም ሊያወርድ ይችላል። ያልተሟላ መድኃኒት የወሰደ ሰው ላይ ወባው ቁጥሩ ጥቂት ሆኖ ይደበቃል እንጂ ጉዳቱን አይተውም። «አሁን በሙሉ መድኃኒት እናክማታለን። ሴሎቹ ከተመለሱ፣ ጥፋተኛው ወባው ነው። ካልተመለሱ ግን አዲስ አበባ መሄዷ አይቀርም» አለ።

አዋቂዎቹ ሲነጋገሩ እትዬ ከድጃ ጠሩኝ። በርጩማ ላይ አቆሙኝና በማይክሮስኮፑ እንዳይ ፈቀዱልኝ። መጀመሪያ ያየሁት የራሴን ሽፋሽፍት ነበር። ከዚያ ብርሃን፣ ከዚያ ወይን ጠጅ ነጠብጣቦች።

«ያ ትልቁ ይታይሻል? ሆዱ ውስጥ ጥቁር ያለው?»

«አዎ።»

«እሱ ነጭ የደም ሴል ነው። ጠባቂ በይው። ጥቁሩ ደግሞ የወባው ጉድፍ ነው፤ ውጦታል። መጀመሪያ ያየሁት ይህን ነው። ጉድፉ ካለ ባለቤቱ ሩቅ አይሆንም አልኩና ፈለግኩት።»

«ሳህኖቹስ?»

ሳህን ያልኳቸው ፕሌትሌት መሆኑ ሲገባቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ሳህን አይደሉም። መራጊ ናቸው። ግድግዳ ሲሰነጠቅ አባትሽ ጭቃ ለጥፎ ይመርገው የለ? እነሱም የደም ሥር ሲቀደድ ይመርጉታል። መራጊ ሲያንስ ደም በየቀዳዳው ይፈስሳል። ያ በእግሯ ላይ ያየሽው እሱ ነው።»

ስለዚህ ደሙ አልወረደም። ትራሶቼ አሳዘኑኝ።

አክስቴ ሆስፒታል ተኛች። መጀመሪያ በመርፌ፣ ከዚያ በክኒን ታከመች። ክኒኑን ማስዋጥ የእኔ ሥራ ሆነ፤ ማንም አላዘዘኝም፣ ራሴ ወሰድኩት። እያንዳንዷን ስትውጥ «አፍሽን ክፈቺ፣ ምላስሽን አንሺ» እላታለሁ። «ጉንጭሽንም አሳዪኝ» እላለሁ። እሷም እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ታሳየኛለች። እኔንም ጣቴን ወግተው አዩኝ፤ ነጻ ነኝ ተባልኩ። «ዕድለኛ ነሽ» አሉኝ እትዬ ከድጃ፣ ሳይስቁ።

በሦስተኛው ቀን ቆጠራ ፕሌትሌቱ አርባ አንድ ሺ ሆነ። አባቴ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። በአምስተኛው ቀን ሰማንያ ስምንት ሺ። መፋቂያዋ ነጭ ሆኖ ወጣ። አክስቴ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ እስክሪብቶ ጠየቀች፤ በወረቀቱ ጀርባ ላይ መስመር አሰመረችና ነጥብ በነጥብ ግራፍ ሠራች። «ድንቄ፣ በዚህ አካሄድ መቶ ሺ መቼ ትደርሳለች?» አለችኝ። ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር፤ ሒሳብ መጠየቅ ጀምራለች።

በስምንተኛው ቀን እትዬ ከድጃ ወረቀቱን ራሳቸው ይዘው ወደ ክፍሉ ገቡ። ለአክስቴ ሰጧት። አክስቴ አነበበች፣ ከዚያ ድሮ በምናውቀው ድምፅ፣ ሌሎቹ ታማሚዎች ሁሉ እስኪሰሙ ድረስ «መቶ ስልሳ አራት ሺ!» አለች። ነጩም ወደ ቦታው ተመልሷል። ቀዩ ገና ነበር፤ እሱ ዘግይቶ ነው የሚመጣው አሉን። እናቴ ቀዩን ለመጥራት በየቀኑ ጉበትና ባቄላ፣ ከጎኑም ሀላኮ የምንለውን የሞሪንጋ ቅጠል ማብሰል ጀመረች። አክስቴ ሀላኮ ጠልታ ነበር የኖረችው፤ ያን ወር ግን ድስቱን ጠርጋ በላች። አዲስ አበባ ለመሄድ የታሰረው ሻንጣ ተፈታ።

በኅዳር መጨረሻ እሑድ አክስቴ በቤተ ክርስቲያን ለምስክርነት ተነሳች። እናቴ እትዬ ከድጃን «ዛሬ እምቢ አትልም!» ብላ በግድ ይዛቸው መጥታ ከሴቶቹ መካከል አስቀምጣቸዋለች። አክስቴ ማይክሮፎኑን ገፋ አደረገችው፤ አያስፈልጋትም። በወላይትኛ ጀመረች፤ እንግዳዋ እንዲሰሙ ወደ አማርኛ ተሻገረች። የቁጥሩን ነገር አንድ በአንድ ተናገረች። «ሃያ ሁለት ሺ ነበረ» ስትል ሰው ከንፈሩን ይመጥጣል። «አርባ አንድ ሺ!» «ሃሌሉያ!» «ሰማንያ ስምንት ሺ!» «ሃሌሉያ!» ፕሌትሌት ምን እንደሆነ ከጉባኤው ስንቱ ያውቅ እንደነበር እንጃ፤ «መቶ ስልሳ አራት ሺ!» ስትል ግን ጣሪያው ሊነሳ ነበር።

ከዚያ አክስቴ ወደ ተቀመጥንበት ዞረች። ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ።

«እግዚአብሔር በሁለት ሰው እጅ ነው ያዳነኝ» አለች። «አንዷ እኚያ ነጭ የለበሱት እናቴ ናቸው፤ ምሳቸውን ትተው ደሜ ውስጥ ጠላቴን የፈለጉ። ሌላዋ የወንድሜ ልጅ ናት። ዋሽታኝ ነበር። እኔም ዋሽቼ ነበር፣ በዝምታ። ልዩነታችን እሷ ቀድማ እውነቱን መናገሯ ነው። እኔ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ እሷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።»

ፊቴ ነደደ። የት እንደምገባ ጠፋኝ። ግን አንድ ሽማግሌ ብድግ አሉ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ጉባኤው በሙሉ። ወደ እትዬ ከድጃ ዞረው ያጨበጭባሉ። እሳቸው ሂጃባቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው «እረ በአላህ፣ ተቀመጡ፣ ተቀመጡ» ይላሉ። ማንም አልተቀመጠም። እትዬ ከድጃ እጃቸውን ሰደው ከወንበሬ አስነሱኝና ከጎናቸው አቆሙኝ፤ ጭብጨባውን ብቻዬን አልችለውም ያሉ ይመስል።

ስንወጣ አባቴ ባጃጅ ሊጠራ እጁን አነሳ። ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ ቤታችን ያለው መንገድ ዳገት ነው፤ ጤነኛ ሰው እንኳ ሁለት ጊዜ ይቆምበታል። አክስቴ እጁን ያዘችና አወረደችው።

«በእግሬ ነው» አለች።

ጫማዋን ጠበቅ አደረገችና ዳገቱን ጀመረችው። አባቴ «ቀስ በይ እንጂ!» ይላል። እናቴ «ወርቅነሽ፣ ጠብቅ!» ትላለች። እትዬ ከድጃ ከት ብለው እየሳቁ ወገባቸውን ይዘዋል። እኔ ሮጬ ልደርስባት ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። ደጃችን ስንደርስ በሩን ከፍታ፣ ክንዷን አጣጥፋ፣ ትንፋሿ ሳይቆራረጥ ቆማ እየጠበቀችን ነበር።